ለሚወርደው ሰው የተሰጠ አደራ

ማኒ በምትባለው አገራችን ውስጥ ሙሾ አውራጅ ሞልቷል፤ እንደ እትዬ ሊየሪ ያለች ግን አላየሁም። ፊልምና ማሳያ ማሽን በመኪና ጭኜ መንደር ለመንደር ስዞር ብዙ ለቅሶ ገጥሞኛል። እሷ አፏን ከከፈተች ከሟቹ ጋር ተኳርፎ የኖረ ሰው እንኳ መሀረቡን ይፈልጋል።

በእኛ አገር ሬሳ ባዶ እጁን አይሸኝም። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው፣ ቀድመው ለሞቱባቸው ሁሉ ሰላምታና ወሬ ይልኩበታል። ሊየሪ የሰዉን ሁሉ መልእክት በዜማ ስታደርስ ኖራ የራሷን አንድም ቀን አልላከችም። ልጇን ፒየሮስን ባሕር በልቶት ሬሳው አልተገኘም። መልእክት ከላከችለት ሞቷል ማለቷ ነው፤ ቁርጡን ደግሞ አልፈለገችም። በዚህ መሀል ምራቷ ካኔላ ባለትዳርም መበለትም ሳትሆን ቀረች። ደግ ሰው ጠይቋት ነበር። አማትየዋ ሳታለቅስ ማን ደፍሮ ይዳራት?

በዚያ በጋ ወደ መንደራቸው የወሰድኩት ፊልም፣ ሚስቱን ሊመልስ በቁሙ ወደ ሙታን አገር ስለሚወርድ ሰው ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ነጭ ግድግዳ ላይ አሳየሁት። ሰውየው መውረጃው ዋሻ አፍ ላይ ሲደርስ አንዲት ባልቴት ብድግ ብላ፣ ወይኑ ዘንድሮ ጥሩ እንደያዘ ለባሏ እንዲነግርላት አደራ አለችው። ሌላዋም ተከተለች። የልጅ ልጅ መወለዱ፣ የበቅሎዋ መሸጥ፣ ያልተላከ ወሬ የለም። ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ።

ከዚያ ሊየሪ ተነሳች። ሳቁ ቀጥ አለ።

ባለ ቡና ቤቱ ብቻ ራሱን መግታት አልቻለም። "እትዬ፣ ግድግዳ እኮ ነው" አላት።

"ግድግዳ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ሬሳ ቢኖረኝ ግድግዳ እለምን ነበር?"

ወደ ፊልሙ ሰው ዞረች። "አንተ ልጅ፣ እዚያ ታች ፒየሮስ የሚባል፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት ታገኛለህ። ካኔላ ልታገባ ነው በለው። እናትህ ፈቅዳለች፣ አንተም እንዳይከፋህ በለው።"

ካኔላ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ሊየሪ ሻሿን ፈትታ፣ ያን ሁሉ ዘመን ያፈነችውን የልጇን ሙሾ ጀመረች፤ ሴቶቹም ተቀበሏት። ጦር ሜዳ የዋሉ ወንዶች አውቃለሁ፤ እንደዚያች ሴት ያለ ልብ ግን አላየሁባቸውም። ሲስቁ የነበሩት ሁሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

የፊልሙ ሰው ሚስቱን ያግኛት አያግኛት ያየ የለም። ማሽኑን አጠፋሁት፤ ጨርስልን ያለኝም ሰው አልነበረም።