በጣት የተጠቆመ ዱባ

እናቴ ለጋ ዱባ በጣት አታሳይም። በአገጯ ነው የምታሳየው፤ ግድ ከሆነባትም እጇን ጨብጣ በጡጫዋ። በጣት የተጠቆመ ዱባ ሳይበስል ይረግፋል፣ አለቀ! ልጆች ሆነን ስንት ጊዜ ጣታችንን አስነክሳናለች መሰላችሁ። "ንከሺው! ቶሎ ንከሺው!" ትለን ነበር፣ ጣት ሲነከስ ጥፋቱ የሚመለስ ይመስል። እኔ ዱባይ ተራ ጫማ የምሸጥ፣ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ የምውል ሴት ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ጥቅምት ታናሽ እህቴ እናቴ ቤት ልትወልድ መጣች። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ብቻዋን ከምትሆን ብላ እናቴ ሰባት ወር እንደሞላት ጠራቻት። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። እቤታችን ውስጥ ይሄኛውስ ይቆይልን ከማለት በቀር ሌላ ጸሎት አልነበረም።

ግቢያችን ከጭድ ተራ ጀርባ ናት፤ የቆርቆሮ አጥርና ትንሽ አፈር። እሑድ እሑድ ሱቅ ስለማልከፍት ሦስታችን ፀሐይ ላይ እንቀመጣለን። እናቴ በርበሬውን ሸራ ላይ ታሰጣና በወስፌዋ መሶብ ትሰፋለች። እህቴ በኪሮሽ ለልጁ ቢጫ ሹራብ ትሠራለች። እኔ እያስነጠሰኝ በርበሬ እቀነጥሳለሁ፤ የሚነጫነጭ ሰው የሚሰጠው ሥራ ይሄ ነው። በአጥሩ ላይ የወጣው የዱባ ሐረግ ያኔ ገና ፍሬ መያዙ ነበር።

"ስንት ያዘ? ከዚህ አይታየኝም" አለች እህቴ።

"ይኸውልሽ!" ብዬ በርበሬ ያቃጠለውን ጣቴን ቀሰርኩ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።" ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጣቴን ከአጥሩ ላይ አውርጄ ሆዷ ላይ ቀሰርኩት። "ስድስተኛው ደግሞ ይኸው!"

የእናቴ ወስፌ ቆመ። "ጣትሽን ንከሺ" አለችኝ ቀስ ብላ። መቆጣት የምታውቅ ሴት ቀስ ብላ ስትናገር ያስፈራል።

"ኧረ በናትሽ እማዬ! ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው፤ ዱባና ጣትን ደግሞ ምን አገናኛቸው?" አልኳት። እህቴ ሳቀች። እኔም ሳልነክስ ቀረሁ።

በማግስቱ ጠዋት አንዱ ፍሬ አፈር ላይ ወድቆ አገኘነው። አንገቱ ጠቁሯል። ወፍ ነው አልኩ። ሐሙስ ሌላው ወደቀ፤ ትል ነው አልኩ። ሦስተኛው ሲወድቅ ግን ነገሩ ገባኝ። የሚረግፉት እኔ በቆጠርኩበት ተራ ነበር፤ ከበሩ ጀምሮ ወደ እህቴ መስኮት፣ አንድም ሳይዘል። አራተኛው የወደቀ ቀን እናቴ በእጇ አፈር ጫረችና ቀበረችው።

እህቴ ስትመጣ ሰሞን "ነይ ንኪው፣ እየረገጠ ነው!" እያለች ከበሩ ሳልገባ ትጠራኝ ነበር። አሁን ሆዷን በጋቢ ሸፍና ትቀመጣለች። ይረግጥ አይረግጥ አትናገርም፣ እኛም አንጠይቅም። ዕቃ ልትዋስ በየቀኑ የምትመጣው ጎረቤታችን እንኳ በር ላይ ቆማ አጥሩን አየችና "አላህ ይጠብቅሽ ልጄ" ብላ ሳትገባ ተመለሰች። ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ጣቴን እነክሳለሁ። አንዷ ደንበኛ "ምነው፣ ቆረጠሽ እንዴ?" አለችኝ። ምነው በቆረጠኝና በተገላገልኩ!

አምስተኛው ቀረ። የሕፃን ራስ ያህላል፤ ትልልቅ ቅጠሎች ሸፍነውት አጥሩ ላይ ተደግፏል። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሱቅ ነጭ የጫማ ክር ይዤ መጣሁና፣ ሳላየው፣ ፊቴን አዙሬ፣ በዳበሳ አንገቱን ከአጥሩ ሽቦ ጋር አሰርኩት። እጄን አንድ ለስላሳ ነገር ነካው። የሕፃን ፀጉር መሰለኝ። እናንተዬ፣ እንዴት እንደሮጥኩ!

ከዚያ ወዲያ ሐረጉ ገረጣ፣ ቅጠሉ ደርቆ ይንኮሻኮሽ ጀመር። አምስተኛው ግን አልወደቀም። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ። ደስ ሊለኝ ሲገባ የባሰ ፈራሁ። ሥሩ የሞተ ነገር ምን ይዞት ነው የሚቆየው? ክሬ ነው እንዳልል፣ ያቺ የጫማ ክር ብቻዋን እሱን አትችለውም። በሩን ባለፍኩ ቁጥር ከቅጠሉ ስር የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

በቀጣዩ ወር መጨረሻ እሑድ እናቴ "ሐረጉ ሞቷል፣ ይነቀልና ጎመን ይተከልበት" አለች። ብላም ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። እኔ ተነሳሁ። ደረቁን ቅጠል ገለጥኩት።

አንገቱ ተበጥሷል። ዛሬ ወይም ትናንት የተበጠሰ አይደለም፤ ጠቁሮ ደርቋል። ዱባውን የያዘው ክር ነው። ከላይ የእናቴ ሐምራዊ የመሶብ አለላ፣ ከሱ ስር የእኔ ነጭ የጫማ ክር። ዞሬ እናቴን አየኋት። አንገቷን ደፋች።

ከሁለታችን ክር ስር ደግሞ ሌላ ነበር፤ ተደጋግሞ የተጠመጠመ፣ ለስላሳ፣ ቢጫ የሹራብ ክር።

"እኔ ነኝ" አለች እህቴ ከኋላዬ። "አራተኛው በወደቀ በሦስተኛው ቀን ይሄም ወደቀ። ማለዳ መሬት ላይ አገኘሁትና ሳትነሱ መልሼ ሰቀልኩት።"

"ለምን?"

"ወድቆ ብታዩት ልጄን በቁሙ ታለቅሱለት ነበር። ዱባውን አይደለም፣ የእናንተን ዓይን ነው የፈራሁት።"

ይኸው እንግዲህ! እኔና እናቴ ተደባብቀን ያሰርነው የሞተውን ነው። እሷ እያወቀች፣ ያን ሁሉ ሰሞን ምስጢሩን ለብቻዋ ይዛ፣ እኛ እንዳንፈራ ሹራቧን ስትሠራ ከርማለች። እዚያው ተቀምጬ ተንሰቀሰቅኩ። "ይቅር በይኝ" አልኳት። "እኔ ነኝ በአፌም በጣቴም ያጠፋሁት። ንገሪኝ፣ ይረግጣል?"

ጋቢዋን ገለጠችና እጄን ያዘች። ሌሎቹን ጣቶቼን አጥፋ ያንን አንዱን ዘረጋችው። ልስበው ብል አጥብቃ ይዛ ሆዷ ላይ አሳረፈችው። ጠበቅን። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ ይሰማል። እናቴ ቆማለች፤ ወስፌው ከእጇ ወድቋል። ምንም የለም። ትንፋሼን ያዝኩ። አሁንም ምንም።

ከዚያ ረገጠኝ። ያንኑ ጣቴን።

"አሁንማ እንዳትነክሺው" አለች እናቴ እያለቀሰች።