ነብሮ ዝም ማለት የተማረበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ እሳት በቀን አንዴ ብቻ የምናይበት አንድ ክረምት አለፈብን። ጥሊያን መተማ ገብቶ ምሽግ ከሠራ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። አባቴ ጠመንጃ ደብቋል ተብሎ ቤታችን ስለ ተቃጠለ፣ ከሸሕዲ በታች ያለውን የማሽላ እርሻችንን ጥለን ወደ ሱዳን ለመሻገር ወጣን፤ የጓንግ ወንዝ ግን ቀድሞን ሞላ። ከፊታችን ወንዙ ነው፤ ከኋላችን ባንዳ የሚመላለስበት መንገድ ነው። ከወንዙ ዳር ሽመል በሚባለው የቆላ ቀርከሃ ጫካ ውስጥ ጎርፍ የቦረቦረው ጠባብ ገደል አገኘንና፣ ውሃው እስኪጎድል ድረስ ብለን እዚያ ተደበቅን። ከሰኔ ማለቂያ እስከ መስከረም ተቀመጥን።

አራት ነበርን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና የእናቴ አጎት አያ ዘውዴ። አምስተኛው ነብሮ ነው። ጠቃጠቆ ስለ ነበረ ነብሮ አልሁት፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደግሁት ውሻዬ ነው። አያ ዘውዴ በጉልምስናቸው የድኩላ አዳኝ ነበሩ። በዚያ ክረምት ግን ንዳድ ይዟቸው፣ አንድ ቀን ደህና ውለው በማግሥቱ የሚንቀጠቀጡ ከሲታ ሽማግሌ ሆነዋል።

እሳት የምናነደው ፀሐይ ጠልቃ ጨለማው ሳይደፍን ባለችው ጥቂት ጊዜ ነው። ቀን ቢነድ ጢሱ፣ ሌሊት ቢነድ ብርሃኑ ያሳብቅብናል። በድንግዝግዙ ጊዜ ግን ጢሱ ከወንዙ ጉም ጋር ይቀላቀላል፤ ነበልባሉም ገና አይደምቅም። ሽመል ማንደድ ክልክል ነበር፤ አንጓው ሲግል እንደ ጥይት ይፈነዳልና። እናቴ ደረቅ የቁርቁራ እንጨት ለቅማ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አግላ የማሽላ ቂጣ ትጋግራለች፤ ቂጣው እስኪበስል አያ ዘውዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተረት ያወራሉ። ቂጣው ሲወጣ አባቴ ፍሙን በአመድ ይቀብረዋል፤ ተረቱም የደረሰበት ላይ ይቆማል። ያኔ የተረት ሁሉ ልኩ አንድ ቂጣ የሚበስልበት ጊዜ ይመስለኝ ነበር።

ችግራችን ነብሮ ነበር። ዝንጀሮ ቢያይ ይጮኻል፣ ከርከሮ ቢያልፍ ይጮኻል፣ ወንዙ ግንድ ይዞ ሲወርድ እንኳ ይጮኻል። በሹክሹክታ የምንኖረውን እኛን እሱ ለአገር ያሰማን ነበር። አባቴ በገመድ ገረፈው፤ ነብሮ ተገርፎ ዝም ይልና ጥቂት ቆይቶ የባሰ ይጮኻል። አፉን በልጥ አሰረው፤ በዚያ ቆላ ሙቀት ምላሱን አውጥቶ መተንፈስ ሲያቅተውና ዓይኑ ሲገለበጥ እናቴ ፈታችው። እኔ ደግሞ በራሴ ዘዴ ለማዳን ሞከርሁ። መጮህ ሲጀምር ከራቴ ያስቀረሁትን ቁራሽ ቂጣ አፉ ውስጥ እወትፋለሁ። እያላመጠ ዝም ይላል። ያዳንሁት እየመሰለኝ ስንት ቀን እንደ ተራብሁ እግዜር ያውቃል።

አባቴ ብዙ አይናገርም ነበር። አንድ ቀን፣ የመኪና ድምፅ በሩቅ ተሰምቶ ነብሮ ሲጮህበት ከዋለ በኋላ፣ «ይህ ውሻ የጥሊያን ጥሩምባ ሆኗል» አለ። ከዚያም ወደ እኔ ሳይዞር፣ ፍልሰታ እስክትገባ ዝም ማለት ካልተማረ በገመድ አንቆ ወንዝ እንደሚጥለው ተናገረ። ቀኑ ሐምሌ አጋማሽ ነበር። ማንም አልተከራከረውም፤ እናቴም አልተከራከረችም። እኔም ብሆን አባቴ እውነቱን እንደ ሆነ አውቅ ነበር፤ ማወቄ ነው የበለጠ ያሳመመኝ። ይዤው እንዳልጠፋ የምጠፋበት አገር የለም፤ ገደሉ በሁለት ወገን እንደ ግድግዳ ቆሟል።

የዚያን ዕለት ማታ ቂጣው ድንጋዩ ላይ ሲጣድ አያ ዘውዴ ስለ ውሻ አወሩ። ጥንት ውሻ ድምፅ አልነበረውም አሉ። ጌታው ግን ሲነጋ ጀምሮ ይጮህ ነበር፤ በሚስቱ ይጮኻል፣ በበሬው ይጮኻል፣ ዝናብ ቢቀር በሰማዩ ይጮኻል። ውሻው እግሩ ሥር ተኝቶ ሲሰማ፣ የሰው ልጅ ዋና ሥራው መጮህ ነው ብሎ አሰበ። አንድ ቀን ሰውየው ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘጋ። ውሻው አዘነለት፤ ጌታዬ ሥራ ፈታ፣ እኔ ልተካው ብሎ ደጅ ወጣና ጉሮሮው እስኪቆስል ጮኸ። ሰውየው ሲድን ወጥቶ «ዝም በል! ዝም በል!» ብሎ ጮኸበት። ውሻው ጭራውን ቆላ፤ ጌታዬ ድኖ መጣልኝ፣ ከእንግዲህ አብረን እንጮኻለን ብሎ ተደሰተ ይባላል አሉ።

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። አባቴ አልሳቀም። አያ ዘውዴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዛሬ ሲጮህ ምን ሰጠኸው?»

«ቂጣ» አልሁ።

«ትናንትናስ?»

«ቂጣ።»

«ጥዋት እግርህ ሥር ዝም ብሎ ተኝቶ ሲውልስ ምን ሰጠኸው?»

«ምንም» አልሁ። የተኛን ውሻ ማን ይቀልባል?

«እንግዲህ ሞኙ ውሻው አይደለም» አሉኝ። «ደመወዙን እየተቀበለ ነው የሚጮኸው። አባትህም በገመድ አብሮ ይጮኻል፣ አንተም በቂጣ ታመሰግነዋለህ። ዝም ሲል ማን አበላው?»

ያኔ ፊቴን እሳቱ ከሚያሞቀው በላይ ሞቀኝ። ውሻዬን ወደ ገመዱ የምነዳው እኔ ነበርሁ። አባቴ አመዱን ፍሙ ላይ መለሰና ጨለማ ሆነ። ከጨለማው ውስጥ፣ «ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት?» ሲል ሰማሁት። አያ ዘውዴም ዝም ማለትን እናስተምረው፣ ልምምዱ በዝናብ ይሁን አሉት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሽመሉ ላይ ሲወርድ፣ እንኳን ውሻ መድፍም ቢጮህ መንገድ ላይ አይሰማም።

ከማግሥቱ ጀመርን። ዝናቡ ሲበረታ አያ ዘውዴ ቁርበታቸውን ደርበው ወደ ጫካው ይገቡና ሽመል ይሰብራሉ፣ ያስላሉ፣ እንደ እንግዳ ሰው ይረግጣሉ። ትእዛዛቸው ለሁላችንም አንድ ነበር፤ ነብሮ ከጮኸ ሁሉም ጀርባውን ያዞርበታል፣ ማንም አያየው፣ ማንም ስሙን አይጠራው። አባቴም ጭምር። ነብሮ ይህን ሲያይ ግራ ገባው፤ ያልሰማነው መስሎት ከበፊቱ እጥፍ ጮኸ። እየዞረ ፊታችን ላይ ይመጣል፤ እኛም ወደ ገደሉ እንዞራለን። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ዝናብ በሌለበት ሰዓት ግን ጩኸቱ ጎልቶ ይሰማ ነበርና፣ ጀርባችንን ሰጥተን ስንቀመጥ እናቴ ጆሮዋን ወደ መንገዱ ትጥል ነበር። አባቴ ገመዱን በእጁ ጠቅልሎ ይፈታዋል፣ መልሶ ይጠቀልለዋል። በአራተኛው ቀን አያ ዘውዴን፣ «ሊያስጨርሱን ነው» አላቸው።

«ሊተው ሲል ነው የሚብሰው» አሉት። «ሰውም እንዲሁ ነው።»

ለእኔ ለብቻዬ ያስተማሩኝ ደግሞ ሌላ ነበር። አፉን ተው፣ ጆሮውን ተመልከት አሉኝ። ውሻ አንድ ነገር ሲሰማ መጀመሪያ ጆሮው ይቆማል፤ በጆሮውና በአፉ መካከል አንድ ትንፋሽ አለች። ያችን ትንፋሽ ጠብቀህ እጅህን ደረቱ ላይ አድርግ፣ ዓይኑ ወደ አንተ ሲመለስ ስጠው። ከጮኸ ግን አለፈህ፤ ሺህ ጊዜ ቢያሳዝንህ አትስጠው። እሳቸው ውሾቻቸውን እንዲህ ነበር የሚያሠለጥኑት፤ ድኩላው ዘንድ ሳይደረስ የሚጮህ ውሻ ይዞ የወጣ አዳኝ ባዶ እጁን ይገባልና። «የሰማውን ለአንተ ብቻ ይንገርህ» አሉኝ።

ያችን ትንፋሽ ለመያዝ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። እጄ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ወይም ቂጣው በዝናብ ሟሙቶ ጣቴ ላይ ይቀራል። አንድ ከሰዓት ግን ከጫካው ሽመል ሲሰበር፣ የነብሮ ጆሮ ቆመ፣ ደረቱ ሥር ጩኸቱ ሲነሣ በመዳፌ ተሰማኝ፣ ከዚያ ወረደ። ዞሮ አፍንጫውን ጉልበቴ ላይ ለጠፈ። ሰጠሁት። አያ ዘውዴ ደግመው ሰበሩ፤ ነብሮም ደግሞ መጣ። ልጠራቸው ስወጣ ጭቃው ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ነበር። ንዳዱ ተነሥቶባቸው ሳለ ነው ሽመል የሚሰብሩልን። «ዝም አለ?» አሉኝ። አዎን ስላቸው፣ «እንግዲያ ደግፈኝ» ብለው እጃቸውን ሰጡኝ።

ፍልሰታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዝናብ በሌለበት ጥዋት፣ ነብሮ ከተኛበት ተነሥቶ አፍንጫውን ጉልበቴ ላይ አደረገ። እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር። አባቴን በእጄ ጠቀስሁት። ጥቂት ቆይቶ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ፤ ባንዳዎች በቅሎ ሊያጠጡ ወርደው ኖሮ፣ ገደላችን አፍ ድረስ መጡ። በሽመሉ መካከል ቦላሌያቸው ይታየኛል። ነብሮን በሁለት እጄ አቅፌዋለሁ፤ ልቡ እጄን ይመታል። በእጄ የነበረውን ቁራሽ ሰጠሁት፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ባዶ መዳፌን ይልስ ጀመር።

«ይህ ውሃ መቼ ነው የሚጎድለው?» አለ አንዱ።

«አንተን ሲወስድ» አለው ሌላው።

«እኔን ከወሰደማ አለቃችን የሚሰድበው ሰው ያጣል።»

ተሳሳቁ። አንዱ ሊሸና ወደ እኛ ጥቂት ቀረበ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። አባቴ እጁ ገመዱ ላይ ነበር፤ ገመዱም ለነብሮ አንገት አንድ ክንድ አይርቅም። ያኔ አባቴን አየሁት፣ እሱም አየኝ፤ ነብሮ አንዲት ድምፅ ቢያሰማ ምን እንደሚያደርግ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።  ነብሮ መዳፌን ላሰ፣ ላሰ፣ ላሰ። ሰዎቹ በቅሎዎቻቸውን ስበው ወጡ።

ማታ ቂጣው ሲወጣ አባቴ የራሱን ድርሻ ለሁለት ቆርሶ፣ ግማሹን እግሬ ሥር ዝም ብሎ ለተኛው ነብሮ ወረወረለት።  ገመዱን በማግሥቱ ለእንጨት ማሰሪያ ሲያደርገው አየሁ።

አያ ዘውዴ አልተሻገሩም። ነሐሴ ሲያልቅ ንዳዱ ጨረሳቸው፤ ማልቀስ ስለማይቻል እዚያው በሽመሉ ሥር ዝም ብለን ቀበርናቸው። ጓንግ በመስከረም ሲጎድል አራት ሆነን ተሻገርን፤ አራተኛው ነብሮ ነው።

ጥሊያን ሲወጣ ተመለስን፤ አሁን እኔም ከአባቴ ዕድሜ አልፌ ከሸሕዲ በታች በዚያው አገር አርሳለሁ። ልጆች አሳደግሁ። ስለ እኔ የሚሉትን አውቃለሁ፤ ቃል አይወጣውም፣ ከወጣውም ለቁጣ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ከብት ያስጠፋውን ገረፍሁ፣ ከጎረቤት የተጣላውን ተቆጣሁ፣ ያለቀሰችውን አባበልሁ። ታላቁ ልጄ ግን አጥፍቶ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ያርሳል፣ ዝም ብሎ ያርማል፣ ዝም ብሎ ይገባል። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ለእሱ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ፣ ለምን እንደ ሆነ ሳላውቅ፣ ወደ ማሳው ወረድሁ። ያጨደውን ነዶ ደርድሮ አቁሞታል፤ አንድም የተንጋደደ የለውም። ከኋላው ስደርስ ኮቴዬን ሰምቶ ዞረ፣ ማጭዱንም መሬት ላይ አደረገ።

«አባባ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

ያልሁት ይህን ብቻ ነው፤ «ነዶህ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አየሁት።» እሱም ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጣ ሲጠብቅ ቆሞ አየኝ።  እኔም ሌላ ማጭድ አንሥቼ እስኪመሽ ከጎኑ አጨድሁ። ከአያ ዘውዴ ተረቶች አብዛኞቹ ጠፍተውኛል፤ «ዝም ሲል ማን አበላው?» ያሉኝ ጥያቄያቸው ግን ቀርታለች። አንድ ውሻ ለማስተማር አንድ ክረምት በቅቶኛል። ልጄን ቁጣዬን መጠበቅ ለማስተው ግን የቀሩኝ ክረምቶች ስንት እንደ ሆኑ አላውቅም።