እናቴ ያስወደደችው ሰፌድ

ዛሬ ጠዋት አንዲት የአዲስ አበባ ደንበኛ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ለሽያጭ ያቀረብኳቸውን ሙዳዮች ፎቶ ስታይ፣ ከጀርባቸው ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው ሰፌድ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። «እሱስ ስንት ነው?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጥ ስልኩን አስቀመጥኩና፣ ወልድያ ከተከራየኋት ክፍል መስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፣ ባጃጆች በጭቃው ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ከተነሳሁ ጀምሮ ያወራሁት በጣቴ ብቻ ነው፤ ድምፄን ለማንም አላሰማሁም።

እናቴ ያን ሰፌድ በሰፋችበት ዘመን ሃያን ገና መሻገሬ ነበር። ቤታችን ሀብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ ወጣ ብሎ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምንተዳደረው ምርቱን እኩል ልንካፈል ለሰው በምናሳርሳት የማሽላ ማሳና በእናቴ በዘሐራ ስፌት ነበር። እናቴ ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶ ትለቅማለች፣ አለላውን ራሷ ቀለም ትነክራለች። በገበያ ቀን ሰፌዶቿን አዝላ መርሳ ትወርድና ዋርካው ሥር ከእትዬ ወርቄ ጎን ትቀመጣለች። እትዬ ወርቄ ከደጋ ባቄላና ምስር ይዘው የሚወርዱ ክርስቲያን ናቸው። እናቴ በምትጾምበት ረመዳን እሳቸውም ቆሏቸውን ከቋጠሮው አያወጡም ነበር፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

እኔ ከአሥረኛ ክፍል አላልፍ ብዬ እቤት ቁጭ ብያለሁ። የአክስቴ ልጅ አሮጌ ስልኳን ስትሰጠኝ፣ ለጨዋታ ያህል የእናቴን ሰፌድ ሣር ላይ አድርጌ ፎቶ አነሳሁና ቴሌግራም ላይ ለቀቅሁት። እናቴ መርሳ ላይ ቀኑን ሙሉ ተከራክራ ከምትሸጥበት ዋጋ እጥፉን ጠየቅሁ። ገዢዋ አንድም ሳትከራከር እሺ አለች፤ እኔና እናቴ ተያይተን ቀረን። ከዚያ ወዲያ ሰፌዱን አስፋልቱ ዳር ወስጄ ለሚኒባስ ረዳት መስጠት ሥራዬ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የሣር ጣሪያችን በቆርቆሮ ተለወጠ፣ ታናሽ ወንድሜ ወልድያ ቤት ተከራይቶ መማር ቻለ፣ ዘይቱም ሳያልቅብን የሚቀጥለው የገበያ ቀን ይደርስ ጀመር።

ገንዘቡ ግን በእናቴ መቀነት ጫፍ ላይ መቋጠሩ ቀርቶ ስልኬ ውስጥ ይገባ ነበር። ገበያ መውረድም አያስፈልጋትም፤ «ምን ያንከራትትሻል?» እያልኩ አስቀረኋት። ለእሷ ማሰቤ ነው። እሷም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች፣ እኔ ስልኬን አያለሁ፣ ቀኑ እንደዚያው ይመሻል። በዚያ ቤት ውስጥ የነበረው ጭርታ ዛሬም ይሰማኛል።

አንድ ጥቅምት፣ በገበያ ቀን፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ከሠራቻቸው ሁሉ ያማረውን ሰፌድ በነጠላ ጠቅልላ ወጣች። ማታ ሰፌዱን እንደያዘች ተመለሰች፤ እጇ ላይ ጥንቅሽ፣ አፏ ላይ የአገሩ ወሬ ሁሉ አለ። በሚቀጥለውም ገበያ ይዛው ሄደች፣ ይዛው ተመለሰች። ያን የመሰለ ሰፌድ እንዴት ገዢ ያጣል ብዬ ተጨነቅሁ። የእጅ ሥራዋ ጉድለት አለበት እንዳልል ሰፌዱን እያየሁት ነው። በመጨረሻ ተከትያት ወረድኩ።

ስደርስ አንድ የሲሪንቃ እርሻ ምርምር ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ዋጋ እየጠየቃት ነበር። የነገረችው ዋጋ ፍየል ከነግልገሏ ይገዛል። ሰውዬው ስቆ ሄደ። እሷም ምንም ሳይመስላት ወደ እትዬ ወርቄ ዞራ ያቋረጠችውን ጨዋታ ቀጠለች።

«እማ፣ በዚህ ዋጋ ማን ይገዛሻል?» አልኳት።

እትዬ ወርቄ አቀርቅረው ምስራቸውን መልቀም ያዙ። እናቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«ማንም እንዳይገዛው ብዬ ነው ልጄ። ባዶ እጄን መጥቼ ገበያ መሐል ብጎለት ሰው ምን ይለኛል? የሚሸጥ ነገር ከያዝኩ ግን፣ ወላሂ፣ እስኪመሽ ብቀመጥ ለምን ተቀመጥሽ የሚለኝ የለም።»

እትዬ ወርቄ ጆንያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ተቀመጭ፣ ጥላው ይበቃናል» አሉኝ። ከቆሏቸው ዘግነው ሰጡኝ፤ እስከ ማታ አብሬያቸው ዋልኩ። ያን ሰፌድ ለሽያጭ ብዬ ፎቶ አንስቼው አላውቅም። እናቴ ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ ይዛው ወረደች፣ ይዛው ወጣች።

አሁን እናቴ የለችም፤ ሰፌዷ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። እትዬ ወርቄም ልጆቻቸው ዘንድ ገብተው ከቤት አይወጡም ይሉኛል። ወንድሜ ትዳር ይዞ ርቋል። እኔ የሀብሩ ሴቶች የሰፉትን ከዚህች ክፍል እሸጣለሁ፤ የብዙዎቹ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፣ እኔም አልቸገረኝም። ግን የምሸጥላቸውን ሴቶች ድምፅ ካልደወልኩ አልሰማም፣ የገዢዎቼንም መልክ አላውቅም። ብቸኝነቱ ከብዶኛል፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ስልኬን አነሳሁና ለደንበኛዋ ዋጋውን ጻፍኩላት። ጤነኛ ሰው የማይከፍለው ዋጋ ነው።

«ኧረ በጣም ተወደደ!» ብላ መለሰች። ትንሽ ቆይታም፣ «ለመሆኑ ማን ነው የሰፋው?» አለችኝ።

ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁና ስለ እናቴ መጻፍ ጀመርኩላት።