በዳሰሳ የሚገኝ ሻይ

አረጋሽ ደረጃውን ገና ሳትጨርስ ነው የበረኪና ሽታ የሰነፈጣት። የቤቷ በር ገርበብ ብሏል። ወጥ ቤት ስትገባ ባሏ ወጋየሁ ማጠቢያው ላይ ተደፍቶ ይተፋል፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ኦብሴ በአንድ እጇ ጀርባውን ደግፋ በሌላው እንዲጉመጠመጥ ውሃ ታቀብለዋለች።

"አልዋጥኩትም" አለ ወጋየሁ፣ ማን እንደገባ በኮቴዋ አውቆ። "አፌ እንደገባ ነው የተፋሁት።"

ወጋየሁ ዕድሜውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ስኳር በሽታው ዓይኑን መጋረድ ሲጀምር መኪናውን አስረክቦ ጎፋ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ውሎውን ከሬዲዮ ጋር አደረገ። አሁን የቀረው ወገግታና ጥላ መለየት ብቻ ነው። አረጋሽ መካኒሳ አቦ አካባቢ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራ ስለምትሠራ ቀን ቀን ብቻውን ይውላል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ የተሞሉ ሃይላንዶች ይደረደራሉ። ከሱቅ በሃይላንድ ተቀድቶ የተገዛውን በረኪና እዚያው መሃል ያቆመችው ራሷ አረጋሽ ናት። ያን ዕለት ወጋየሁን ጠማው፤ ዳስሶ ያገኘውን ከፈተ። ጉንፋን አፍንጫውን ዘግቶት ስለነበር ሽታው አልመጣለትም።

ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ከንፈሩና ምላሱ ከመላጡ በቀር ሌላ ጉዳት እንደሌለው ተነገራቸው። አረጋሽ ግን ፍርሃት ገባባት። በማግስቱ ውሃ በጆግ፣ ሻይ በፔርሙዝ አልጋው አጠገብ አስቀምጣለት፣ ወጥ ቤቱን ቆልፋ ሄደች። ሥራ ቦታም ሆና የስፌት መኪናው ላይ እንዳቀረቀረች ጉሮሮውን ይዞ ሲወድቅ ይታያታል። የሰፋችውን እየፈታች ሁለት ሦስት ጊዜ ትደግም ጀመር።

ወጋየሁ ጥቂት ቀን በጆጉና በፔርሙዙ ዋለ። ከዚያ አንድ ማለዳ ቁልፉ ሲዞር ሰምቶ፦

"አረጋሽ፣ እኔ እዚህ ቤት እስረኛ ነኝ ወይስ አባወራ?" አላት።

"ሞተህ ከማገኝህ ታስረህ ባገኝህ ይሻለኛል።"

"ሻይ እንኳ አፍልቼ መጠጣት ከተከለከልኩማ ሞቻለሁ እኮ።"

ቆልፋ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ቃሉ ከጆሮዋ አልወጣም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ነጠላዋን አስቀምጣ ወጥ ቤቱን ገለበጠችው። በረኪናውን፣ ሳሙናውን፣ ዘይቱን ሳይቀር በረንዳ ላይ ባለ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው። አዲስ መደርደሪያ መግዛት የሚታሰብ ስላልነበር አሮጌውን የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ጎትታ ሶኬቱ ሥር ከግድግዳው አስጠጋችው፤ ዕቃ እንዳይንሸራተት ጠርዙ ላይ ቀጭን ጣውላ መታችበት። በግራ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያውን፣ በቀኝ ቧንቧ ያለውን የመጠጥ ውሃ ጀሪካን፣ መሃል ላይ ኩባያዎቹን አደረገች። ባዶ የኦቾሎኒ ቅቤ ዕቃዎች አጥባ ከስፌት ቤት በተረፈ ላስቲክ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ እየሰፋች አንገታቸው ላይ አሰረችላቸው፤ አንድ ቁልፍ ያለው ሻይ ቅጠል፣ ሁለት ቁልፍ ያለው ቅርንፉድ፣ ትልቅ የካፖርት ቁልፍ ያለው ከርከዴ ሆነ። ኦብሴ ደግሞ ብዙም ያላገለገለ ሰፊ ትሪ ከቤቷ አምጥታ ኩባያዎቹን አስቀመጠችበት።

ወጋየሁ ሁሉንም አንድ በአንድ ዳሰሰ። ሁለት ጊዜ ደገመው።

"ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ያልተነሳ ነገር አፍህ አይገባም" አለችው።

"እሺ። አንቺም ከዚህ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ነገር አታንቀሳቅሺብኝ።"

ሰኞ ወጥ ቤቱን ክፍት ትታ ወጣች። ምሳ ሰዓት ላይ ደወለች፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ደገመች። አልተነሳም። ኦብሴ ጋ ስትደውል ዝግ ነው። የያዘችውን ቀሚስ መኪናው ላይ እንደተሰካ ትታ፣ ለአለቃዋ "ባሌን" ብቻ ብላ ወጣች። ታክሲው መንገድ ተዘጋግቶበት ንቅንቅ አልል አለ። የፈላ ውሃ ደረቱ ላይ ሲገለበጥ፣ ወለሉ ላይ ሲንፈራፈር ታያት። አልቻለችም፤ ወርዳ በእግሯ ሮጠች። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። ስሙን እየጠራች በሩን በረገደችው።

ወጋየሁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። ስልኩ መኝታ ቤት ብርድ ልብስ ሥር ተቀብሮ ኖሯል።

"ምን ሆንሽ? ምነው በዚህ ሰዓት?"

ቀኝ እጁን ከጋቢው ሥር እንደደበቀ አየች። "እጅህን አሳየኝ።"

"ምንም አልሆነም።"

"ወጋየሁ፣ እጅህን!"

አወጣው። ጣቱ ውሃ ቋጥሯል። ኩባያው መሙላቱን ለማወቅ ጣቱን ከቶበት ነበር። አረጋሽ የወጥ ቤቱን ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣች።

"ቆይ" አለ፣ የቁልፉን ድምፅ ሰምቶ። "አስቤበታለሁ። ቀዝቃዛውን ውሃ አስቀድሜ በኩባያው እለካለሁ፤ ከአፉ ትንሽ አጉድዬ። ቀዝቃዛ ውሃ ጣት አያቃጥልም። ከኩባያው የወጣ ውሃ ደግሞ ተመልሶ ኩባያውን ሞልቶ አይፈስም። ተቀመጪና እዪኝ።"

ተቀመጠች። ለካ፤ ወደ ማንቆርቆሪያው ገለበጠ፤ ባለ አንድ ቁልፉን የሻይ ቅጠል ዕቃ ዳስሶ አግኝቶ ኩባያው ውስጥ ጨመረ። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር አረጋሽ ተነስታ ልትነጥቀው ዳዳት፤ የወንበሩን ጠርዝ ጨምድዳ ያዘች። የማንቆርቆሪያውን አፍ ከኩባያው ከንፈር አስነክቶ ቀዳ። እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው። ጠብታ አልፈሰሰም።

ሻዩ እንደ ሬት ይመራል። እፍ እፍ እያለች ጠጥታ ጨረሰችውና እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

ቁልፉን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። ወጋየሁ ስልኩን አንገቱ ላይ ማንጠልጠል ከለመደ በኋላም በየምሳው ሰዓት ትደውላለች።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ውሃ ጥጃለሁ።"

ፈልቶ፣ ተቀድቶ፣ ማንቆርቆሪያው ቦታው መመለሱን እስኪነግራት ድረስ ስልኩን ከጆሮዋ አታነሳም።