የግራ ዓይኗ ሌንስ

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ መርፌ ይላታል። ስሙን ያወጡላት ድሮ በሱቋ ደጃፍ ኳስ ይራገጡ የነበሩ ልጆች ናቸው፤ ዛሬ እነሱም ሸብተው የሱሪያቸውን ወገብ ሊያሰፉ ወደ እሷ ይመጣሉ። ልብስ ሰፊ ናት። አዲስ ከመስፋት ይልቅ ያረጀውን ማደስ ይሆንላታል። የተበላ ኮሌታ ትገለብጣለች፣ የተቀደደ ገበር ትቀይራለች፣ የኮት ቁልፍ ማስገቢያ በእጇ ትዘመዝማለች።

ሌላው ሰፊ መርፌ ሲያነሳ መነጽሩን ያጠልቃል። እሷ ታወልቃለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሩቁ የማይታያት፣ ቅርቡ ግን እስከ ክሩ ጭረት ድረስ ጥርት ብሎ የሚታያት ሰው ነበረች። የጠርሙስ ቂጥ የመሰለውን፣ ያም ሆኖ ሩቁን አጥርቶ የማያሳያትን መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ ታደርግና ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋዋለች። ያን ጊዜ መንገዱም፣ ደንበኛውም፣ የግድግዳው ቆሻሻም ይጠፋል፤ የምትቀረው መርፌዋ ብቻ ናት። ሌላ ሰው ደክሞት ቤቱ ሲገባ ጫማውን አውልቆ እፎይ እንደሚል፣ እሷ እፎይ የምትለው መነጽሯን ስታወልቅ ነበር።

ሰውንም የምታውቀው እንደዚሁ ነው። የሞተው ባሏ ከመንገድ ማዶ ሲመጣ ምን ይመስል እንደነበር ብትጠየቅ መልስ የላትም። ትከሻውን እየጣለ የሚራመድ ብዥታ ነበር። ፊቱን የምታውቀው በስንዝር ርቀት ነው፤ ከቅንድቡ መሀል የወጣችውን ረጅም ፀጉር፣ ሲዋሽ የምትንቀጠቀጠውን የዓይኑን ቆብ። ልጇንም በደረቷ አስጠግታ ነው ያየቻት። የወደደችው ሰው ሁሉ ቀርቦ ነው የታወቃት።

ከዚያ የዓይን ሞራ መጣ። መጀመሪያ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ጠፋባት። ቀጥሎ የአንድ ደንበኛን ግራጫ ሱሪ በቡኒ ክር ዘምዝማ ሰጠች። ሰውየው አመስግኖ ወጣ። የነገራት ሱቁን የሚጋራት ባለ ካውያው ነው፤ እዚያው ጥግ ቆሞ ልብስ የሚተኩስ፣ ከእሷ ጋር ያረጀ ሰው።

«እትዬ፣ ፋሽን ማውጣት ጀመርሽ እንዴ?» አላት።

«ምነው?»

«የሰውየውን ሱሪ አስጊጠሽለታል።»

ያን ቀን ማታ ለልጇ ነገረቻት፤ ልጇም በሳምንቱ ይዛት ሄደች።

ሕክምናው በቀኝ ዓይኗ ተጀመረ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስታስረዳ አትቸኩልም። «ሞራ የሸፈነውን የዓይንዎን ሌንስ እናወጣና በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ እናስገባለን። ሌንሱ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው አንድ ርቀት ነው። ወይ ሩቁን፣ ወይ ቅርቡን። የቀረውን በመነጽር ያያሉ። የቱን ይመርጣሉ?»

«ለሩቅ ነዋ!» አለች ልጇ። «መንገድ ስትሻገር ልቤ ተሰቅሎ ነው የሚውለው።»

እትዬ መርፌም ራሷን ነቀነቀች። የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ቅርቡ ድሮም የኔ ነው ብላ ነበር። ዕድሜ ልኳን ያለ መነጽር፣ ያለ ሐኪም፣ ያለ ማንም እርዳታ ያየችው እሱን ስለሆነ፣ ሰው ሊሰጣትም ሊወስድባትም የሚችል ነገር አልመሰላትም። ቅርብ ማለት ለእሷ እንደ ገዛ እጇ ነው። ሩቁ ይጨመርልኝ አለች በልቧ። ጭማሪ ነው ያለችው ነገር ቅያሪ ሆነ።

ፋሻው ሲፈታ ዓለም ሳይጠሩት መጣባት። የጎረቤት ጣሪያ ዝገት፣ የመብራት ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ የተቀደደ ላስቲክ፣ ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ሻጭ ጢም። ለካ ጢም አለው! ስንት ዘመን በእጇ ሰላምታ የሰጠችው ሰው።

«እኔስ እንዴት ነኝ?» አላት ባለ ካውያው፣ ሸሚዙን ወደ ሱሪው እየከተተ።

«ከሩቅ ደህና ነህ።»

ሳቁ። ከዚያ የቁልፍ ማስገቢያ ልትዘመዝም ኮቱን አነሳች፤ እጇ በልማዱ ወደ ግንባሯ ሄዶ የሌለ መነጽር ገፋ፤ ጨርቁን አስጠጋችው። መርፌዋ የለችም። ጣቶቿ ይዘዋታል፣ ቀዝቃዛነቷ ይሰማታል፣ ዓይኗ ግን የለችም ይላል። ወደ ኋላ አራቀችው፣ መልሳ አቀረበችው። ጭጋግ። ቀኝ ዓይኗን ጨፍና ሞራ ባለበት በግራዋ ሞከረች፤ በዚያኛው ቢያንስ የመርፌዋ ጥላ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ አዲሱን ዓይኗን ጨፍና፣ በታመመው መሥራት ያዘች።

«እትዬ፣ ያን ዓይን ማንን ለመጥቀስ ነው?» አላት ባለ ካውያው።

«አንተን ብጠቅስህ ካውያህ ላይ ነው የምትወድቀው። ሥራህን ሥራ።»

ልጇ የማንበቢያ መነጽር ገዝታ አመጣችላት። መነጽሩ ይሠራል፤ እውነት ለመናገር መርፌዋን ያሳያል። ግን የካውያው እንፋሎት ይሸፍነዋል፣ ቀና ስትል ደንበኛው እየዋኘ ይመጣል፣ ስታወልቀው የት እንዳስቀመጠችው ይጠፋታል። ድሮ የምታርፍበት ቦታ አሁን በመነጽር የሚገባበት ሆነ። ማታ ማታ አንገቷ ብቻ ሳይሆን ማየቱ ራሱ ያደክማት ጀመር።

ሩቁ ደግሞ ያልጠየቀችውን አሳያት። ከልጇ ጋር የሚኖሩት ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ወደ ግቢው በር ያያል። ልጇ ቅሬታ በስልክ የሚቀበሉበት መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የማታውቀው ሰው በጆሮዋ ሲጮህባት ትውላለች። አንድ አመሻሽ እትዬ መርፌ በመስኮቱ ስትመለከት ልጇ በሩ ጋ ቆመች። አልገባችም። ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ፣ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ፣ ትከሻዋ ይነሳል ይወርዳል። ከዚያ ቀና ብላ በሁለት እጇ ፊቷን ጠረገች፤ የተጨማደደ ጨርቅ እንደሚያስተካክል ሰው አገጯን፣ ጉንጯን አስተካከለች። ደረጃውን ወጥታ ስትገባ «እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ!» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው።

በነጋታውም እንደዚያው። ከዚያ በኋላም። ስንት ዓመት እንዲህ ስትገባ ኖራ ይሆን? እናትየው ድሮ ከመስኮት የምታየው በሩ ጋ የቆመ ብዥታ ነበር፤ ቁልፍ ፍለጋ ይመስላት ነበር።

ያስጨነቃት ለቅሶው ብቻ አልነበረም። ልጇ ጎንበስ ብላ ስትስማት፣ አጠገቧ ተቀምጣ ስታወራት፣ ፊቷ አይታያትም። በቀኟ ብዥታ፣ በግራዋ ጉም። ሩቅ ሆና ስታለቅስ ብታያትም፣ ቀርባ ስትስቅ ሳቁ እውነት ይሁን አይሁን ማወቅ አቃታት። ድሮ ይሄን ጊዜ ዓይኖቿ ደም መልበሳቸውን ታይ ነበር። ለመጠየቅ ደከመች፣ ላለመጠየቅም ደከመች። እንዲሁ የግራው ዓይን ተራ ደረሰ።

«ግራውን ምን እናድርግ?» አለች ሐኪሟ።

«እንደ ቀኙ ለሩቅ ይሁን» አለች ልጇ። «ሁለቱ ይስማሙ።»

«ቆይ አንዴ» አለች እትዬ መርፌ። «ይሄኛው ለቅርብ ቢሆንስ?»

ልጇ ዞር ብላ አየቻት። ሐኪሟ ወንበሯን አስጠጋች። «ይቻላል። ግን አንዱ ዓይን ለሩቅ፣ አንዱ ለቅርብ ሲሆን የሚለምደው አለ፣ የሚያዞረውም አለ። ደረጃ ሲወርድ የሚያደናቅፈው ሰው አለ። አንዴ ከገባ በኋላ መቀየር ደግሞ ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ቀላል አይደለም። ውጭ ሆናችሁ ተመካከሩ። ሌንሱን ዛሬ ማዘዝ ስላለብኝ ከምሳ በፊት ንገሩኝ።»

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። አንድ ዓይናቸው የታሸገ ሽማግሌ ጥጉ ላይ ያንቀላፋሉ። ልጇ ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ደረጃ ላይ እንድትወድቂ ነው? እስክትሞቺ ልትሰፊ ነው? አንገትሽ ደርቋል፣ ወገብሽ ተቆልምሟል። ያ ባለ ካውያ ነው አይደል የመከረሽ? ሱቁ እንዳይዘጋበት!»

«መክሮኛል። ‹ለቅርብ አስደርጊው፤ በሩቁ አይተሽ ደህና ነህ ካልሽኝ ወዲህ መስታወት ማየት ትቻለሁ› ነው ያለኝ።»

ልጇን ሳቅ አመለጣት። «እያናደድሽኝ አታስቂኝ፣ እማዬ።»

«እውነትሽን ነው፣ ደክሞኛል። ሱቁ ዛሬ ቢዘጋም አይከፋኝም።»

«ታዲያ ለምንሽ ነው?»

እትዬ መርፌ እጆቿን ጭኗ ላይ አገጣጠመች። «በር ላይ ስታለቅሺ አይሻለሁ።»

ኮሪደሩ ውስጥ የሆነ ቦታ ስልክ ጮኸ፤ ማንም አላነሳውም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ፋሻው ከተፈታ ጀምሮ።»

«እና ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ከመስኮት አየሁሽ። ቀርበሽ ስትስሚኝ ግን ፊትሽ የለም። ለቅሶው ትቶሽ ይሂድ፣ አብሮሽ ይግባ፣ በምን ልወቅ?»

«መነጽር ገዝቼልሽ የለም ወይ!»

«መነጽሬን ፈልጌ እስካገኝ አንቺ ፊትሽን አሳምረሽ ትጨርሻለሽ።»

ልጇ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ እንደተቀመጠች ቁመቷ ያነሰ መሰለ። የጫማዋን ጫፍ እያየች «ሌላ ነገር የለም» አለች። «ሥራው ነው። ሰው አልሞተብኝ፣ ማንም አልበደለኝ። ደክሞኝ ነው።»

«አውቃለሁ። እሱን ከኔ ነው የወረስሽው።»

«ቢያዞርሽስ?»

«እይዝሻለሁ።»

ልጇ ተነስታ ቦርሳውን ያዘችላትና በሩን ከፈተችላት። ውስጥ ሲገቡ ሐኪሟ ወደ ልጅየዋ ተመለከተች፤ ልጅየዋ በዓይኗ ወደ እናቷ መራቻት።

«ለቅርብ» አለች እትዬ መርፌ።

«እሺ፣ እማማ። ቅርብ ስንል ግን ምን ያህል ቅርብ? መጽሐፍ የሚይዙበት ይሁን፣ የሚሰፉበት? እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ።»

ልጇ እናቷ መርፌ የያዘች ይመስል እጇን እስክታነሳ ጠበቀች። እትዬ መርፌ ግን እጇን ዘርግታ የልጇን አገጭ ያዘችና ወደ ራሷ ሳበቻት፤ አፍንጫ ለአፍንጫ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። «እዚህ ጋ» አለች።

«እማዬ፣ ሰው ፊት!»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «ይሄን ያህል አላቀርብልዎትም። ሌላኛው ዓይንዎ ለሩቅ ስለሆነ ልዩነቱ ከበዛ አይችሉትም። ትንሽ ራቅ ያድርጓት።»

እትዬ መርፌ የልጇን አገጭ በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ገፋችው።

«አሁንም ትንሽ። አዎ፣ እዚያ ጋ። ከዚያ ይበልጥ ማቅረብ አልችልም።»

እናትየው እጇን እንደዘረጋች ቆየች። ክንዷ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ላይ ያለውን ለማንሳት የሚዘረጋውን ያህል ተዘርግቷል። ከዚያ ሆና ያየችው የፊት ቅርጽ ያለው ብዥታ ነው።

«ከዚህ ሆኜ ዓይኗ መቅላቱ ይታየኛል?»

«ይታይዎታል።»

ርቀቱን ትንሽ አሰበችበት። የለመደችው አልነበረም፤ ድሮ ከዚህ በግማሽ ትቀርብ ነበር።

«ይሁን እንግዲህ» አለች፤ ክንዷ ቢዝልም የልጇን አገጭ አልለቀቀችም። ልጅየዋም ፊቷን ሳታስተካክል እዚያው ጎንበስ እንዳለች ቆየች።