ከሰል ገዝቶ የሄደው ቲቸር

ጭሮ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሊሄድ መሆኑ የሚታወቀው ፍሪጁን ሲሸጥ ነው። ቀጥሎ አልጋው ይወጣል። ከዚያ «ለትምህርት ነው፣ እመለሳለሁ» ይላል፣ አይመለስም። የሰፈራችን ግማሽ ዕቃ ከሄዱ መምህራን የተገዛ ነው፤ የኛም ቴሌቪዥን።

ስለዚህ ግቢያችን ተከራይቶ የነበረው የፊዚክስ መምህር «ውጭ አገር ስብሰባ አለኝ፣ ደርሼ ልምጣ» ሲል አልጠረጠርንም። አንዲት ዕቃ አልሸጠም። ጭራሽ ሊሄድ ሰሞን አንድ ጆንያ የቦርደዴ ከሰል ገዛ። እናቴ «ለክረምቱ አሰበ» ብላ ደስ አላት። ጫት የምትነግደው ጎረቤታችን ብቻ ሳቀች።

«ዴሜ!» አለች በኦሮምኛ። ሄዷል ማለቷ ነው።

«ከሰሉን ትቶ?» ብዬ ተቆጣኋት።

የተቆጣሁት ለራሴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ወድቄ በግል ልፈተን ተመዝግቤ ነበር፤ የሚያስጠናኝ እሱ ነው። ሰሌዳችን የግቢው የብረት በር ነበር። በጠመኔ ይጽፍልኛል፣ እሠራለሁ፣ ሰው በመጣ ቁጥር በሩ ሲከፈት ሒሳቡም አብሮ ይሄዳል። ስሳሳት «አንቺ ከጥያቄው ቀድመሽ ትሮጫለሽ» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ መቀመጥ አልወድም። አስቀምጦ ያስተማረኝ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ሄዶ ሰነበተና ከውጭ ደወለ። እናቴ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እትዬ፣ ከሰሉን አንድዱት።»

እናቴ ዞር ብላ ጆንያውን አየችው። ስልኩን ነጠቅኳት።

«ፈተናዬስ ቲቸር?»

«ቪዲዮ እልክልሻለሁ።»

«በየትኛው ኔትወርክ?»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና «ምን ላድርግ? ደሞዙ ከቤት ኪራይ አያልፍም፣ ላብራቶሪው ባዶ ነው። እዚያ ሆኜ የማውቀውንም እየረሳሁ ነበር» አለ።

ልሰድበው ፈልጌ ነበር። ያለው ሁሉ ልክ ስለሆነ የበለጠ አናደደኝ።

የሱ ተማሪዎች ያለ አስተማሪ ከረሙ። አንዷ ጓደኛዬ ናት፤ በክፍለ ጊዜው እኛ ቤት መጥታ ጥፍሯን ስትቀባ ትውላለች። ኋላ አንድ አዲስ ተመራቂ ተቀጠረ። ያንኑ ክፍል ተከራየ፣ ያንኑ ከሰል እናቴ አነደደችለት።

የበሩ አናት ቆርቆሮ ስላለው ቲቸር ጀምሮ የተወውን ሒሳብ ዝናብ አልነካውም፤ እኔም አላጠፋሁትም። አዲሱ ሻንጣውን ሳያወርድ ቆሞ አነበበው።

«ማነው ያልጨረሰው?»

«አንተ የተካኸው ሰውዬ።»

«ልጨርስልሽ?»

«ፓስፖርት አለህ?»

«አንቺ ባለጌ! እንግዳ እንዲህ ይባላል?» አለች እናቴ ከውስጥ።

እሱ ግን አልተቆጣም። አንገቱን ደፋ አደረገና «አመልክቻለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ እሷ እንዳትሰማው።

ፈተናው እየደረሰ ነው። ሌላ ማን አለኝ? ጠመኔውን አምጥቼ ሰጠሁት።

«በል ቶሎ ቶሎ አስረዳኝ» አልኩት።