ቀጭ የማይለው ስልኬ

ሂርና መናኸሪያ የጭሮ መኪና ስጠብቅ፣ ሟች እህቴ ፊት ለፊቴ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ አላያትም መሰላችሁ! ዓይኗ፣ አፍንጫዋ፣ የጥርሷ ፍንጭት ሳይቀር እሷው ናት። ግን ሂጃብ የለበሰች የማላውቃት ሴት ነበረች። እኔ ደግሞ ከእህቴ አንድ ፎቶ እንኳ አልቀረኝም።

ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። ግን ምን ብዬ ልጠይቃት? «የሞተ ሰው መሰልሽኝ» ይባላል? ደግነቱ ልጄ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳላፍር ብላ፣ ስልኬ ሲያነሳ «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ አጥፍታልኛለች። «አምላኬ ይቅር በለኝ» ብዬ መልእክት የማነብ መሰልኩ። ሴትዮዋም ስልኳን አንስታ ማየት ጀመረች። ጥሩ፣ ልብ አትለኝም አልኩና ማንሻውን ነካሁት። ጸጥ! እህቴ ስልኬ ውስጥ ገባች! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ወዲያው «ቀጭ!» አለ።

ልጄ ጉድ ሠራችኝ ብዬ ስልኬን ጉያዬ ወሸቅኩት። ለካ የሴትዮዋ ነው!

«ያ ረቢ!» አለች ፊቷን በሻርፗ ሸፍና። «አቦ ይቅር በይኝ! ልጄ ድምፁን አጥፍቼልሻለሁ ብላኝ ነበር እኮ! ወላሂ፣ ቁርጥ የሞተችውን እህቴን መስለሽኝ ነው!»